ሰናክሬም ያልጻፈው

የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ሰናክሬምን የሚያውቀው በኢየሩሳሌም ደጃፍ ነው። ለሕዝቅያስ የማስፈራሪያ ደብዳቤ የላከ፣ በአንድ ሌሊት 185,000 ሠራዊት የረገፈበት፣ በመጨረሻም በአምላኩ ቤት ሲሰግድ በልጆቹ ሰይፍ የወደቀ የአሦር ንጉሥ ነው። የመናገሻው የነነዌ ስምም ከዐቢይ ጾም አስቀድሞ በሚውለው የሦስት ቀን ጾም በየዓመቱ ይጠራል። ይሁንና ለዚህ ንጉሥ የይሁዳ ነገር ከዘመቻዎቹ አንዱ ብቻ ነበር። ዕድሜውን የፈጀው፣ ልጁን ያሳጣው፣ ስሙንም እስከ ዛሬ ያጠቆረው ከባቢሎን ጋር የነበረው ጠብ ነው። ሕዝቅያስ ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ያሳያቸው እነዚያ የመሮዳክ ባልዳን መልእክተኞች እንኳ የዚሁ ጠብ ተዋንያን ነበሩ።

አሦርና ባቢሎን ባዕዳን አልነበሩም። በሁለት ዘዬ የሚነገር አንድ ቋንቋ፣ አንድ ጽሕፈት፣ በአብዛኛውም የጋራ አማልክት ነበሯቸው። አሦር ወታደር፣ ባቢሎን ደብተራ ነበረች ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ ወታደሩ ደብተራውን ይንቀዋል፣ ይቀናበታል፣ መጻሕፍቱንም እያስገለበጠ ወደ ቤቱ ይወስዳል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጦርነቱ በሸክላና በዓለት ላይ እንዴት እንደተጻፈ ነው። ጽሑፎቹን እንደ ድርሰት ደጋግሜ ሳነብ ከተናገሩት ይልቅ የሸሸጉት እየጎላ መጥቶብኛል፤ የሸሸጉትም፣ እንደሚታየኝ፣ ሁልጊዜ የቤተ ዘመድ ነገር ነው። (የጥንቶቹ ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠሩ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ጽሑፎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የአሦር ነገሥታት ዘመቻቸውን ያስጻፉት በየቤተ መንግሥቱ መሠረት በሚቀበሩ ባለ ብዙ ጎን የሸክላ ዓምዶች፣ በቤተ መንግሥት ግድግዳና በተራራ ዓለት ላይ ነው። ተናጋሪው ንጉሡ ራሱ ነው፤ «እኔ» እያለ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያቃጥላል፣ ይማርካል። በ691 የተጻፈውና ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም የሚገኘው ባለ ስድስት ጎን የሰናክሬም ዓምድ የዚህ ዓይነት ነው። በባቢሎን በኩል ያለው ግን ዜና መዋዕል ነው። ከ747 አንሥቶ ዓመት በዓመት እየቆጠረ የሚሄድ፣ ማንንም የማያወድስ ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ ዋነኛው ቅጂ የተገለበጠው በፋርሱ ንጉሥ በዳርዮስ በ22ኛው ዓመት ነው። በአገራችን ዜና መዋዕል ስንል ከንጉሡ ጎን እየሄደ ድሉን የሚያበዛ ጸሐፊ ትዝ ስለሚለን የባቢሎኑ ድርቀት ለጊዜው ግር ሊያሰኘን ይችላል። በእኛ ልማድ ለዜና መዋዕል ጸሐፊ የሚቀርበው የአሦሩ ነው።

ሁለቱ ፊት ለፊት የሚገናኙት በሐሉሌ ጦርነት ላይ ነው። በ691 ባቢሎናውያን የኤሳጊላን መቅደስ ግምጃ ቤት ከፍተው ወርቁንና ብሩን ወደ ኤላም ንጉሥ ላኩና ጦር አስመጡ፤ ግጥሚያው በጤግሮስ ዳር ሆነ። የሰናክሬም ጸሐፊ ይህን ሲተርክ ከአሦር ጽሑፎች ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠው ትረካ ጽፏል። ጠላት እንደ አንበጣ መንጋ ይመጣል፤ የእግሩ ትቢያ ሰማዩን ይሸፍናል። ንጉሡ ጥሩሩን ይለብሳል፣ ሠረገላው ላይ ይወጣል፣ መንኰራኵሩ በደም ይታጠባል። ሽሽት ላይ ያሉት ነገሥታት ከፍርሃታቸው ጽናት የተነሣ በሠረገላቸው ውስጥ ራሳቸውን ያረክሳሉ። በአንዱ ጽሑፉ የጠላትን ሙታን 150,000 ያደርሳቸዋል። ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ጸሐፊው የዚህን ትረካ ቃላት በከፊል የተዋሰው ከባቢሎናውያን የፍጥረት መዝሙር ከኤኑማ ኤሊሽ ነው። በዚያ መዝሙር የባቢሎን አምላክ ሜሮዳክ የጥፋትን ባሕር ቲያማትን ድል ይነሣል፤ በዚህ ትረካ ግን ሰናክሬም የሜሮዳክን ቦታ ይዞ ባቢሎናውያን የቲያማት ጭፍሮች ሆነዋል። ባቢሎንን ለመስደብ የባቢሎንን መጽሐፍ መዋስ ነበረበት። ጸሐፊው ይህን ሲያደርግ ምን ተሰምቶት እንደነበር መጠየቅ ያምረኛል፤ ፈገግ ያለ ይመስለኛል።

የባቢሎን ዜና መዋዕል ስለዚሁ ጦርነት ያለው ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። የኤላም ንጉሥ የኤላምንና የአካድን ጦር አሰባስቦ በሐሉሌ ከአሦር ጋር ተዋጋ፤ አሦርንም ወደ ኋላ አስመለሰ ይላል። ይህን ከማለቱ በፊት ግን አንድ ነገር ያስቀድማል፦ ነገሩ የሆነበት ዓመት አይታወቅም። ለእኔ ይህ አነስተኛ ንባብ ከአንበጣውና ከደሙ መንኰራኵር ሁሉ ይበልጣል። ሥራው ዓመት መቁጠር የሆነ ሰው አንዱ ዓመት ጠፍቶበት ሲያገኘው ከመፍጠር ይልቅ መጥፋቱን መዘገበ። ድል የማን ነበር ለሚለው ጥያቄ የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ አንድ ቃል የላቸውም። ሆኖም ሰናክሬም በዚያ ዓመት ባቢሎንን አልያዘም፤ የያዛት ከረጅም ከበባ በኋላ በ689 ነው። 150,000 ጠላት የገደለ ንጉሥ ከፊቱ ክፍት ሆና ወደምትጠብቀው ከተማ ያልገባው ለምንድን ነው? ዓምዱ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አንባቢ ይመጣል ብሎ አላሰበም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የጉራ ነገር ነው፤ ጉራ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ወደ 694 ስንመለስ ግን ጽሑፉ ሌላ መልክ ይይዛል።

ሰናክሬም በ700 ገደማ የበኩር ልጁን አሹር ናዲን ሹሚን በባቢሎን ዙፋን አስቀምጦ ነበር። ልጁ ስድስት ዓመት ገዛ። በ694 አባትየው ከደቡብ ባቢሎን ሸሽተው በኤላም ጠረፍ የሰፈሩትን ከለዳውያን ለመምታት በባሕር ዘመተ። ይህ ዘመቻ በንጉሡ ጽሑፍ ውስጥ በዝርዝር ተተርኳል። መርከቦቹን የሶርያ አናጢዎች ሠሩለት፤ የጢሮስና የሲዶና መርከበኞች ቀዘፉለት። በጠረፉ ላይ ባሕሩ ተነሥቶ ድንኳኑ ድረስ ስለገባ ሠራዊቱ አምስት ቀንና አምስት ሌሊት በመርከብ ላይ ተጣብቦ አደረ። ንጉሡም ለውኃው አምላክ ለኤያ የወርቅ መርከብ፣ የወርቅ ዓሣና የወርቅ ሸርጣን ወደ ባሕሩ ጣለ። እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚገኘው ለማየት ጊዜ ያለው ጸሐፊ ሲኖር ነው።

የአሦር ሠራዊት በባሕር ጠረፍ ሳለ የኤላም ንጉሥ በሌላው በር ገብቶ የሲጳር ከተማን መታ፤ የሰናክሬምም ልጅ ተማርኮ ወደ ኤላም ተወሰደ። ዜና መዋዕሉ ይህን በሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር ይነግረንና ስንት ዓመት እንደገዛ ቆጥሮ ያልፋል። ከረጅም ዘመን በኋላ ተነቦ የታወቀ አንድ የአሦር ደብዳቤ ደግሞ ልጁን ይዘው አሳልፈው የሰጡት ባቢሎናውያን ራሳቸው መሆናቸውን ያመለክታል። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጁ የሚሰማ የለም፤ በኤላም እንደተገደለ ይታመናል። በንጉሡ የዘመቻ ጽሑፎች ውስጥ ስለዚህ አንዲት ቃል አትገኝም። የወርቁ ሸርጣን አለ፤ ልጁ የለም።

ዝምታው የመጀመሪያውም አልነበረም። አባቱ ዳግማዊ ሳርጎን በ705 በሩቅ ሰሜን ምዕራብ በጦር ሜዳ ወድቆ አስከሬኑ ሳይገኝ ቀርቷል፤ ለዚያ ዘመን ሰው ይህ ከሞትም የከፋ ዕጣ ነበር። ሰናክሬም አባቱ የሠራውን አዲስ ከተማ ትቶ ወደ ነነዌ ሄደ። ሌሎች የአሦር ነገሥታት «የእገሌ ልጅ» እያሉ በሚጀምሩበት ቦታም የአባቱን ስም አላስጻፈም። እንግዲህ ከኋላው አባቱን፣ ከፊቱ ልጁን ያጣ፣ ሁለቱንም በጽሑፉ ያልጠራ ሰው ነው በ689 የባቢሎንን ቅጥር ጥሶ የገባው።

የዚያን ቀን ነገር የተጻፈው ከሞሱል በስተ ሰሜን በባቪያን ገደል ዓለት ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ሲጀምር ስለ ጦርነት አያነሣም፤ ስለ ውኃ ነው። ንጉሡ 18 ቦዮችን አስቆፍሮ የተራራውን ውኃ ወደ ነነዌ እንዴት እንዳመጣ፣ የተጠማውን እርሻና የፍራፍሬ አትክልት እንዴት እንዳጠጣ ይተርካል። የዚህ ሥራ አካል የሆነውና በጀርዋን የሚታየው የውኃ ማስተላለፊያ ድልድይ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጥርብ ድንጋይ የፈጀ ነው። ቦዩ በሚመረቅበት ጊዜ የውኃው በር ሰው ሳይነካው በራሱ ተከፈተ ይላል። ንጉሡ አልተቆጣም፤ የአማልክት ፈቃድ ነው ብሎ ደስ አለው፣ ለመሐንዲሶቹም ልብስና የወርቅ ቀለበት ሸለማቸው። ይህን ክፍል ለብቻው ቆርጦ ያነበበ ሰው ሰናክሬምን ከደጋግ ነገሥታት ተራ ያስገባዋል።

ከዚያ በዚያው ዓለት፣ በዚያው እጅ፣ ሐሉሌና ባቢሎን ይከተላሉ። አደባባዮቹ በሬሳ ተሞሉ። የከተማይቱ ንጉሥ ሙሼዚብ ማርዱክ በሕይወት ተያዘ። የባቢሎን አማልክት ምስሎች በወታደር እጅ ተሰባበሩ፤ ባቢሎናውያን ከ418 ዓመት በፊት ከአሦር የማረኳቸው ሁለት አማልክት ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ። (አራት መቶ ዓመት ቂም ቆጥሮ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ የስድስት ዓመቱን የልጁን ነገር ረሳው ማለት ከቶ አይቻልም።) ቤቶቹ ከመሠረታቸው እስከ ጣራቸው ፈረሱ፣ ተቃጠሉ። የቅጥሩ ጡብ፣ መቅደሱና የደረጃው ግንብ ተንዶ አራኅቱ በተባለው ወንዝ ውስጥ ተጣለ። በመጨረሻም በከተማይቱ መካከል ቦዮች ተቆፈሩና ውኃ ተለቀቀባት። ዓላማውንም አልደበቀም፤ የከተማይቱ ቦታ በሚመጣው ዘመን እንዳይለይ በውኃ አሟሟት፣ መስክም አስመሰላት።

ነነዌን ያጠጣው ሙያ ነው ባቢሎንን ያሰጠመው፤ ያው ቦይ ቆፋሪ፣ ያው የውኃ ልክ። ጽሑፉ ይህን ግጥምጥሞሽ አያውቀውም ማለት ይከብዳል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው እንደ ሁለት እኩል ምስጋናዎች አድርጎ ነው። ብዙ ሐያስያን በአሦር ጽሑፎች ጭካኔ ይደነግጣሉ። እኔን የሚያስደነግጠኝ የድምፁ አለመለወጥ ነው። ስለ ሽልማቱ ቀለበትና ስለ ሬሳው አደባባይ የሚናገረው በአንድ ዓይነት የሥራ ሪፖርት ቃና ነው። ይሁንና አንድ ነገር ያመልጠዋል። አሦር ከዚህ በፊትም ብዙ ከተማ አቃጥሏል፤ ከተማን ከምድር ገጽ ደምስሶ ቦታው እንኳ እንዳይታወቅ መድከም ግን ከድል በላይ የሆነ ነገር ነው። መነሻው ያልተነገረለት ቁጣ ነው፤ መነሻውም፣ ጽሑፉ ባይነግረንም፣ ከአምስት ዓመት በፊት ወደ ኤላም የተወሰደው ልጅ ይመስለኛል። ይህን ለማለት ዜና መዋዕሉ ባይኖር አንችልም ነበር።

ዜና መዋዕሉን ግን ያለ ነቀፋ ላልፈው አልፈልግም። የከተማይቱን ውድቀት ሲዘግብ አስቀድሞ የኤላም ንጉሥ በመጀመሪያው ወር በሽታ እንደመታው፣ አንደበቱም ተይዞ መናገር እንደተሳነው ይነግረናል፤ ከዚያ በዘጠነኛው ወር መጀመሪያ ቀን ከተማይቱ ተያዘች፣ ንጉሡም ወደ አሦር ተወሰደ ይላል። ስለ እሳቱ የለም፤ ስለ ውኃውም የለም። ቀጥሎ ለስምንት ዓመት በባቢሎን ንጉሥ አልነበረም ይላል። ሌላ ተመሳሳይ ጽሑፍ ደግሞ ጣዖቱ ቤል ለ20 ዓመት በአሦር ተቀምጦ የአዲስ ዓመት በዓል እንዳልተከበረ ይቆጥራል። ለባቢሎናዊ አንባቢ የበዓሉ መቅረት የሁሉ ነገር መቅረት ነበርና በዚህ አጭር ቁጥር ውስጥ ልቅሶ እንዳለ አይካድም። ነገር ግን ልቅሶውን የሚሰማው አስቀድሞ የሚያውቀው ብቻ ነው። የሰውን ድምፅ ለመስማት ወደ ሦስተኛ ምንጭ መሄድ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በከበባው ዘመን የተጻፈ አንድ የግል ውል ነው። ውሉ የሽያጭ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ግን ከዋጋው ጋር አገሩ በረኃብ እንደተያዘ፣ የከተማይቱ በሮች እንደተዘጉ፣ ወደ አራቱም ማዕዘን መውጫ እንደጠፋ፣ የሚቀብር ስለታጣ ሬሳ አደባባዩን እንደሞላው አስገብቷል። ንጉሡ ሬሳውን ቆጥሮ ይኮራበታል፣ ዜና መዋዕሉ ይዘለዋል፣ ውል ጸሐፊው ግን የእህል ዋጋ ለምን እንደተወደደ ለማስረዳት ያነሣዋል።

በ681 ሰናክሬም ተገደለ። ዜና መዋዕሉ ገዳዩ ልጁ ነው ይላል፤ መጽሐፈ ነገሥት ሁለት ልጆቹን በስም ይጠራል። በአልጋው የተተካው አስራዶን የአባቱን ሥራ ሊያፈርስ፣ ማለት ባቢሎንን ሊሠራ ተነሣ። የእርሱ ጽሑፍ ደግሞ በሌላ መንገድ አስገራሚ ነው። ባቢሎን ለምን ጠፋች ብለን ብንጠይቀው ሰዎቿ ክፉዎች ሆኑ፣ የመቅደሱን ንብረት ለኤላም ሸጡ፣ ሜሮዳክም ተቆጣ ይለናል። አራኅቱ እንደ ጥፋት ውኃ ሞልቶ ከተማይቱን ወሰዳት፤ አማልክቱም እንደ ወፍ በርረው ወጡ። ወንዙ አለ፣ አምላኩ አለ፣ ኃጢአተኛው ሕዝብ አለ፤ ቦዩን ያስቆፈረው ሰው ግን የለም። የአባቱ ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ አልገባም።

ከዚያም የጥንት ጸሐፍት ከሠሯቸው የቁጥር ብልሃቶች ሁሉ ማራኪው ይመጣል። ሜሮዳክ ከተማይቱ 70 ዓመት ባድማ ሆና እንድትቆይ ወስኖ ጽፎ ነበር። ሆኖም ራራና ቁጥሩን ገለበጠው፤ 70 ተገልብጦ 11 ሆነ። በእነርሱ አጻጻፍ ለ60ና ለ1 የሚያገለግለው ምልክት አንድ ስለሆነ 60ና 10 ቦታ ሲለዋወጡ 10ና 1 ሆነው ይነበባሉ። (በትንቢተ ኤርምያስ ስለ ባቢሎን ምርኮ የተነገረው 70 ዓመትም እዚህ ላይ ትዝ ሳይለን አይቀርም።) አስራዶን አምላክን ሐሰተኛ ሳያደርግ፣ አባቱን በደለኛ ሳይል፣ ሥራውን በ11ኛው ዓመት ጀመረ። ለፖለቲካ የተሠራ ሥነ ጽሑፍ ከዚህ በላይ ሊረቅቅ አይችልም፤ ቢሆንም ልጁ አባቱን ለማዳን ውኃውን መወንጀሉን ሳይ ከአድናቆቴ ይልቅ ኀዘኔ ያይላል።

አስራዶን ከሞቱ በፊት ግዛቱን ለሁለት ልጆቹ አከፋፈለ፤ አሹርባኒፓል በአሦር፣ ሻማሽ ሹም ኡኪን በባቢሎን። አሹርባኒፓልን ብዙዎች በመጽሐፈ ዕዝራ «አስናፈር» የተባለው ነው ይሉታል። ወንድማማቾቹ ከ652 እስከ 648 ተዋጉ። ጦርነቱ ሲጀመር አሹርባኒፓል ለባቢሎን ሰዎች በላከው ደብዳቤ ተቀናቃኙን «ወንድም ያልሆነ» ብሎ ይጠራዋል፤ ዝምድናውን ለመካድ ቃሉን ሳያነሣ መካድ ስላልቻለ ነው። ከተማይቱ በረኃብ ስትያዝ ሰዎች የልጆቻቸውን ሥጋ በሉ ይላል። የወንድሙን ሞት ሲተርክ ደግሞ አማልክት በእሳት ውስጥ ጣሉት ይላል። እሳቱን ማን ለኮሰው? ራሱ ገባበት ወይስ ተጣለ? ዓረፍተ ነገሩ አማልክትን ባለቤት አድርጎ ንጉሡን ነጻ ያወጣል። በሌላ ቦታ ግን ከባቢሎን የተረፉትን አያቱ ሰናክሬም በተገደለበት ስፍራ ለአያቱ መታሰቢያ እንዳረዳቸው ይመሰክራል። አባትየው ያልጠራውን ስም የልጅ ልጁ በደም ጠራው።

ቤተ መንግሥቶቹ የዘለሉትን ሕዝብ አስቀርቶታል። በግብፅ የተገኘ፣ በአራማይስጥ ቋንቋ ግን በግብፃውያን ዴሞጢቅ ፊደል የተጻፈ አንድ ፓፒረስ የእነዚህን ወንድማማቾች ታሪክ እንደ ተረት ይተርካል፤ የተጻፈውም ከጦርነቱ ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ስማቸው ተዛብቶ ሳርባናባልና ሳርሙጌ ሆነዋል። በዓምዶቹ ላይ ፈጽሞ የሌለች አንዲት ሰው ግን በዚህ ትረካ ውስጥ ትገኛለች፦ እኅታቸው። በወንድማማቾቹ መካከል ገብታ ልታስታርቅ ወደ ባቢሎን ትወርዳለች፤ ወንድሟ አይሰማትም። እውነት ሆኖ ይሁን አይሁን ለእኔ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የአሦርና የባቢሎን ጦርነት የቤተ ዘመድ ጠብ መሆኑን በግልጽ የተናገረው ግን ከሁሉም ይህ ባለቤት አልባ ተረት ነው።

በ612 ተራው የነነዌ ሆነ። ባቢሎናውያንና ሜዶናውያን ለሦስት ወር ከበው ያዟት፤ እ.ኤ.አ. በ1923 የታተመው ዜና መዋዕል የከተማይቱና የመቅደሱ ምርኮ እንደተወሰደ፣ ከተማይቱም የፍርስራሽ ክምር እንደሆነች በተለመደው ድርቀቱ ይነግረናል። ከሁለት ዓመት በፊት የአሹር ከተማ በሜዶናውያን እጅ ስትወድቅም የባቢሎን ንጉሥ ናቦፖላሳር ለጦርነቱ ሳይደርስ እንደዘገየ አልደበቀም። እርሱን ተከትሎ የመጣው ጽሑፍ ግን የአሦርን ልማድ ወረሰ። የመጨረሻው የባቢሎን ንጉሥ ናቦኒዶስ ባቆመው ሐውልት ላይ የአማልክትን ቤት ያፈረሱት ሜዶናውያን ናቸው፤ የባቢሎን ንጉሥ እጁን አላነሣም፣ እንዲያውም ጠጕሩን አንጨባርሮ በምድር ላይ ተኛ። አሸናፊው የሚጸጸትበትን ነገር ለጎረቤት ማሸከም ከአስራዶን ተምሯል።

የሰናክሬም ቤተ መንግሥት ግድግዳዎች እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በሌያርድ ተቆፍረው ወጥተው ዛሬ ለንደን ይገኛሉ። የለኪሶን መያዝ በሚያሳየው ቅርጸ ምስል ላይ ንጉሡ በዙፋኑ ተቀምጧል፤ ምርኮኞች በፊቱ ያልፋሉ። ፊቱ ግን በመሣሪያ ተፍቋል። ብዙዎች እንደሚገምቱት ይህን ያደረገው በ612 ወደ አዳራሹ የገባ ወታደር ነው። ከምርኮኞቹ ወይም ከዛፎቹ አንዱንም አልነካም። ከንጉሡ ፊት ለፊት በሽብልቅ ፊደል የተቀረጸው፣ ይህ የዓለም ንጉሥ ሰናክሬም ነው የሚለው ጽሑፍም እስከ ዛሬ ጥርት ብሎ ይነበባል።